አክተሩ አይሞትም

አቃቂ ከወንዙ ማዶ፣ ከጨርቃ ጨርቁ አጥር ጀርባ፣
ሽልንግ የያዘ ሁሉ በቆርቆሮው በር ሲገባ፣
በረኛው እኔ ነበርኩ። ጣሳ በጉልበቴ መሃል፣
ዐሥራ ሦስት ዓመቴ፤ ሱሪዬ በገመድ ታስሯል።

ውስጥ አንዲት ቴሌቪዥን፣ ካሴት የምታኝክ ዴክ፤
ሣንቲም ያጣ ልጅ ሁሉ በሚስማር ቀዳዳ ሊያይ ሲንበረከክ፣
ከፊት በርጩማ ላይ ይሰየማል ጋሽ ሌንጂሶ፣
የፋብሪካ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ለብሶ።

እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።
ያኔ ለእኛ እያንዳንዱ ጥይት ትርጉም ያለው፣
እያንዳንዱ ባርኔጣ ጽድቅ ወይ ኃጢአት የተጫነው።

«ይኼ» ይላል በአርጩሜው፣ «ጥቁሩን ያጠለቀ፣
የወንድሙን ድርሻ በልቶ ከአገር የወጣ፣ የራቀ።
ያ ደግሞ አክተሩ ነው። ዝም በሉ፣ ተመልከቱ፤
ሳይጠጣ ፈረሱን አጠጣ፤ ይኼ ነው ምልክቱ።»

ሦስት ሰው፣ አንድ ጉድጓድ፣ ከታች የወርቅ ኮሮጆ፤
ከላይ አሞራ የሚዞረው የተቃጠለ ጎጆ።
ማን ይውረድ? ማን ገመድ ይያዝ? ዘውድና ጎፈር ተጣለ፤
ሣንቲሟ ሳትወርድ ከአየር፣ አንዱ ልጅ «ጎፈር!» አለ።

ጎፈር ወጣ። አክተሩ ወረደ። ገመዱን የያዘው ሣቀ፤
ጋሽ ሌንጂሶ ድምፁን ዝቅ አርጎ ጆሯችንን ሰረቀ፦
«ዕድል ገመዷን ታወርዳለች፣ ለክፉም ለደጉም እኩል፤
ስግብግብ ግን ገመድ ባየ፣ አንገት ሊለካ ይቸኩል።»

ከዚያ መብራት ጠፋ። አቃቂ ነው፤ መብራት ይጠፋል።
መቶ ሰው በጨለማ ያፏጫል፤ ይሳደባል።
«ገንዘባችን ይመለስ!» ሲሉ፣ ጣሳው ጉልበቴን ከበደኝ፤
ማንም አያየኝም አልኩ። ቀኝ መዳፌን በላኝ።
ዐሥር ብር። አልዋሽም፤ የእጥፉ ምልክት እንኳ ትዝ ይለኛል።
ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስከ ዛሬ ተረከዜን ይኮሰኩሰኛል።

በማግሥቱ ሒሳብ ጎደለ። ባለቤቱ ዘርጋው
እኔን አየ፣ ሌንጂሶን አየ፤ ሌንጂሶን ነው ያባረረው።
ለምን? ካፖርቱ አሮጌ፣ ትንፋሹም አረቄ አረቄ፤
እኔ የእህቱ ልጅ፤ ቆሜያለሁ ኪሴን ገልብጬ፣ እንባዬን አምቄ።
አርጩሜውን በርጩማው ላይ ትቶ ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ፤
«አክተሩ አይሞትም» ብቻ አለኝ።
ምርቃት ይሁን እርግማን፣ ማንም አልተረጎመልኝ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ያን ፊልም በስልኬ አገኘሁት፤ ቋንቋው ዛሬ ከእኔ አይርቅ።
ባለ ጥቁሩ ወንድም የለውም። የማንንም ድርሻ አልበላ።
አክተሩ ፈረሱን ያጠጣው ሊሸጠው ነው፣ ከቀትር በኋላ።
ከጉድጓዱ የወጣው ዕድል የቀናው እንጂ የጸደቀ አልነበረም፤
ስለ ገመድ፣ ስለ አንገት፣ አንድ ቃል የተናገረ የለም።
ያ ሁሉ ጽድቅና ኩነኔ የወጣው ከሌንጂሶ ኪስ፣
በቀን ሁለት ብር ከሚከፈለው፣ አንድ ካፖርት ዓመት ሙሉ ከሚለብስ።

ከመስኮቴ ሥር ደላሎች ካርታ ዘርግተው ይማማላሉ፤
የገበሬ ማሳ ነበር። ዛሬ ዘውድ፣ ጎፈር ሳይሉ፣
ማን እንደሚወርድ፣ ማን ገመድ እንደሚይዝ ያውቃሉ።

እኔም ስልኬን አጠፋሁ። ዐሥር ብር ዛሬ ሻይ አይገዛም።
አቃቂ ወርጄ ጠይቄያለሁ፤ ሌንጂሶን የሚያውቅ የለም።
ውሸት ነው።
አልጠየቅሁም።

ገመዱ ከእጄ አልወጣም፤ ከጉድጓዱ ድምፅ አለ፤
ምን እንደሚል አይገባኝም፤
የሚተረጉም የለ።